ባለሜዳ በሰው ሜዳ

ጎንደር ፒያሳ ተቀምጦ ስለ ፋሲል ከነማ ሳያወሩ ቡና መጠጣት አይቻልም። ልብስ ሰፊው የመኪናውን ፔዳል እየረገጠ ያወራል፤ ሊስትሮው በብሩሹ ሳጥኑን እያንኳኳ ያወራል፤ ጀበናዋን የጣደችው ልጅ ደግሞ ሁለቱንም ታርማለች፤ የማን ጉልበት እንዳበጠ፣ ማን በቢጫ ካርድ እንደሚቀጣ ከእሷ የተሰወረ ነገር የለምና። የእኔም ዕድሜ በዚሁ ወሬ መሀል አለፈ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግኩት ግን ከቡድኑ ይልቅ ስለ ሜዳው ነው፤ ስለ አፄ ፋሲለደስ ስታዲየም።

ሰፈሩን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልበል። ፒያሳችን ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ፣ ኅዳር 1934 ዓ.ም. በዚሁ በመጨረሻ ምሽጉ እጁን እስኪሰጥ ድረስ ባሉት ዓመታት የተሠራች ናት። ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ፣ ማዕዘናቸው ክብ የሆነ ፎቆችም የዚያ ዘመን ናቸው። ከእነዚህ ቤቶች ጥቂት እርምጃ አለፍ ሲሉ ደግሞ ሦስት መቶ ዓመት ያህል የሚቀድማቸው የአፄ ፋሲል ግቢ አለ። ክለባችን ስሙን ከንጉሡ ወሰደ፤ ደጋፊውም ተጫዋቾቹን «አፄዎቹ» ብሎ ሾማቸው። በ1960ዎቹ የተመሠረተው ይህ ክለብ ብዙ ዘመን በታችኛው ሊግ ሲንከራተት ኖሮ በ2009 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ሲቀላቀል፣ ከተማው የጠፋ ልጁ የተመለሰለት ያህል ነው የተቀበለው።

ጨዋታ ባለ ቀን ፒያሳ ሌላ ፒያሳ ትሆን ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ባጃጁ ሁሉ ቀይና ነጭ ጨርቅ ያስራል። ከአዘዞ፣ ከማራኪ፣ ከቀበሌ 18፣ ከቅዳሜ ገበያ የሚመጣው ሰው እዚህ ይገናኝና አብሮ ወደ ስታዲየሙ ይጎርፋል። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የሌላ አገር ልጅ ሳይቀር አንገቱ ላይ ስካርፍ ጠምጥሞ ይከተላል። ቆሎና ሱፍ የሚሸጡት ሴቶች ከሁሉም ቀድመው በሩ ላይ ቦታ ይዘዋል። ባለሱቁ ዳዊት ከሚደግም ሽማግሌ ጎን ይቀመጣል፤ አበዳሪና ተበዳሪ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይጮኻሉ። ለቅሶና ጥምቀት ካልሆነ በቀር ይህን ሁሉ ሰው አንድ ቦታ የሚያገናኝ ሌላ ነገር አላውቅም።

ጎንደር የአዝማሪ አገር ነው። ስለዚህ ድጋፉም እንደ አዝማሪ ቤት ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ግጥሙ ከጨዋታው ጋር እዚያው ይፈጠራል። የተጋጣሚ በረኛ ሰዓት ሲያባክን ለእሱ ይገጠማል፤ ተቀይሮ የሚገባ ተጫዋች ሲነሳ ለእሱም ይገጠማል። እኔ ከምቀመጥበት በታች ሁልጊዜ የሚቆም አንድ ከበሮ መቺ ነበር። ሸምገል ያለ፣ ደረቱ ሰፊ ሰው ነው። ፊቱን ወደ ደጋፊው፣ ጀርባውን ወደ ሜዳው አድርጎ ዘጠና ደቂቃ ይመታል። ጨዋታውን የሚያየው በእኛ ፊት ላይ ነው። ትንፋሻችንን ስንይዝ ምቱን ያቀጥነዋል፤ ስንነሳ ያፈጥነዋል፤ ጎል ሲገባ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ከበሮውን ወደ ሰማይ ያነሳዋል። ካለቀ በኋላ ላቡን በመዳፉ እየጠረገ፣ «እስቲ ንገሩኝ፣ እንዴት ነበር ያገባው?» ይለናል። እኛም ተሻምተን እንነግረዋለን። ተጫዋቾቹ ስማቸው በጋዜጣ ይወጣል፤ ለእኔ ግን ያ ክለብ ከማንም በላይ እሱ ነው።

2011 ዓ.ም. የደስታም የእንባም ዓመት ነበር። አሰልጣኝ ውበቱ አባተ ቡድኑን ይዘው ኳስ መሬት ላይ የሚንከባለልበት ጨዋታ አሳዩን። ዋንጫው እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ በእጃችን ያለ ሲመስል መቐለ 70 እንደርታ በ1 ነጥብ በልጦን ወሰደው። በዚያ ሰሞን የሁለቱ ከተሞች ነገር ኳስ ብቻ አልነበረም፤ ፖለቲካው ስታዲየም ድረስ ገብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን ጦርነት ሁላችንም አየነው፤ የትግራይ ክለቦችም ለዓመታት ከሊጉ ጠፉ። ዛሬ ሳስበው በ1 ነጥብ ተበልጦ ማልቀስ የደህና ዘመን ለቅሶ ነበር። ከመቐለ ደጋፊ ጋር በኳስ ብቻ ተበሻሽቀን፣ ማታ ሰላም ገብተን ብናድር ምን ነበረበት እላለሁ።

በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ዋንጫን ስላነሳን ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አለፍን። ዕጣው የታንዛኒያውን አዛም አመጣልን። የመጀመሪያው ጨዋታ በእኛ ባለሜዳነት ነው ተባለ። ግን የት? ባህር ዳር! የጎንደሩ ሜዳ ለአህጉር ውድድር የሚጠየቀውን ስለማያሟላ፣ ባለሜዳ ተብለን 180 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ግድ ሆነብን። ነሐሴ ነበር፤ ፍልሰታ ገብቷል፤ ክረምቱም እንደ ጉድ ይወርዳል።

ከፒያሳ በማለዳ በሚኒባስ ተነሳን። ልብስ ሰፊው ጋሼ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ነጭ ጋቢያቸው ላይ ቀይ ስካርፍ ደርበው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ጾመኛ ስለሆኑ በሶአቸውን በላስቲክ ቋጥረው ይዘዋል። ልጆቹ ከኋላ ይዘፍናሉ። አዘዞን፣ ማክሰኝትን፣ እንፍራንዝን አለፍን። የጉዛራ ግንብ በጉም ተሸፍኖ ግማሹ ብቻ ታየን። ሾፌሩ ቁልቁለቱን ሲያፈጥነው ጋሼ፣

«ቀስ በል ልጄ፣ ኳሱ ያለ እኛ አይጀመርም» አሉት።

«ይጀመራል እንጂ ጋሼ! ዳኛው መች ይጠብቀናል?» አለ ሾፌሩ፤ ቀስ ማለቱን ግን አልተወም።

አዲስ ዘመንን አልፈን ፎገራ ሜዳ ላይ እንደወረድን ጎማው ፈነዳ። መንገዱ ግራና ቀኙ ውኃ ነው፤ ሩዙ በውኃው መሀል አረንጓዴ ሆኖ እስከ አድማስ ይታያል። ረዳቱ ስኮርታውን አውርዶ በጫማው ረገጥ ሲያደርገው ጎማው እንደ ሊጥ ገባለት። ንፋስ የለውም። ጎሚስታ የሚገኘው ወረታ ነው። ረዳቱ ሁለቱንም ጎማ በሚያልፍ ባጃጅ ጭኖ ሄደ፤ እኛም ክሪክ ላይ የቆመችውን መኪና ከበን ቀረን። የሚያልፉት ሚኒባሶች ሁሉ እንደኛው በቀይና ነጭ ልብስ ሞልተው ነበር። ጡሩንባ እየነፉ፣ እጃቸውን እያውለበለቡ አለፉን። አንዱ ቆሞ ጋሼን ብቻ ሊወስድ ቢለምናቸው፣ «ልጆቹን ጥዬ?» ብለው እምቢ አሉ።

ዝናቡ ሲጀምር አረም ላይ የነበረ አንድ ገበሬ፣ ፕላስቲክ ደርቦ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ መጣ።

«እንደምን ዋላችሁ? ምን ገጠማችሁ?»

«ጎማ ነው፤ ፈነዳብን አባቴ።»

«ከሩቅ ሳያችሁ ሠርገኛ መስላችሁኝ ነበር። በፍልሰታ ምን ሠርግ አለ ብዬ ነው የመጣሁት። ፋሲሎች ናችሁ ለካ! ከማን ጋር ነው?»

«ከታንዛኒያ ክለብ ጋር።»

«ታንዛኒያ በየት ነው?»

«ከኬንያ ወዲያ።»

ትንሽ አሰበና፣ «እንግዲህ እነሱ ከዚያ ሁሉ አገር መጥተው ደርሰዋል፤ ባለቤቶቹ እናንተ መንገድ ቀራችሁ» አለ። የሚያሾፍ ሰው አልነበረም፤ አዝኖልን ነው። ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ቤቱ ከመንገዱ ብዙ አይርቅም ነበር፤ ሁላችንንም ይዞን ገባ። ባለቤቱ እትዬ ምንም ሳንነግራቸው ምጣዱን ጣዱ። ፎገራ ጤፉን ከሩዝ ጋር ቀላቅሎ ይጋግራል፤ እንጀራው ነጣ ብሎ ለስለስ ይላል። በሽሮ አቀረቡልን። ጋሼ በሶአቸውን ረስተው ከእኛው ጋር ቆረሱ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ለመነጋገር መጮኽ ነበረብን።

ስታዲየም የደረሰ ጓደኛዬ ደወለ። ስልኬን ድምፁን ከፍ አድርጌ መደቡ ላይ አስቀመጥኩት፤ ቤተሰቡ ሁሉ፣ ልጆቹም ጭምር፣ ዙሪያውን ከበቡት። ጓደኛዬ ያየውን ይናገራል፤ ከኋላው ከበሮው ይሰማል። የዚያን ሰውዬ ምት ለየሁት። ምቱ ቀጠነ። ከዚያ ፈጠነ። ከዚያ ጓደኛዬ «ገባ! ገባ!» ብሎ ጮኸ፤ ስልኩም ድርግም አለ። ኔትወርክ ጠፋ።

ማን ያግባ? እኛ እንሁን እነሱ? ልጆቹ ተያዩ። ደግመን ብንደውል አይሠራም። አንዱ «የእነሱ ነው» አለ፤ ሌላው ሊመታው ተነሳ። ያኔ ጋሼ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙን።

«የእኛ ነው» አሉ ረጋ ብለው። «የእነሱ ቢሆን ኖሮ ጸጥ ይል ነበር። ከ‹ገባ› በኋላ የሰማችሁት ጩኸት የባለቤት ጩኸት ነው።»

ገበሬው ከሁላችንም ቀድሞ እልል አለ። እትዬ ተቀበሉት። በዚያች የጭቃ ቤት ውስጥ የጨፈርነው ጭፈራ በስታዲየም ከጨፈርኩት ሁሉ አይተናነስም።

ጎማው ተሠርቶ ባህር ዳር ስንደርስ ጨዋታው አልቆ፣ ሕዝቡ ከስታዲየም እየወጣ ነበር። 1 ለ 0 አሸንፈናል። ከማናውቀው ሰው ጋር ተቃቀፍን፤ ጎሉን ሁሉም እየደጋገመ ነገረን። በመልሱ ጨዋታ ታንዛኒያ ላይ 3 ለ 1 ተሸንፈን ወደቅን። እኔ ግን ከውጤቱ ይልቅ የገበሬው ነገር ነው ያብሰለሰለኝ። ጨዋታው ጎንደር ቢሆን ኖሮ ጋሼ ሱቃቸውን እኩለ ቀን ላይ ዘግተው፣ በእግራቸው ሄደው፣ አይተው ይመለሱ ነበር። ሚኒባስ ተከራይቶ መሄድ ያልቻለው ስንቱ ነው? የቆሎ ሻጯ ጨዋታ ባህር ዳር ሲሆን ምን ትሸጣለች? ክለብ ከሜዳው ሲወጣ መንገዱ የሚረዝመው አቅም በሌለው ደጋፊ ላይ ነው።

ያኔ ይህን ስናወራ ነገሩ የአንድ ጨዋታ ጉዳይ ይመስለን ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና ሊጉ ተሰረዘ። በ2013 ሲመለስ ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመሩ፤ ሁሉም ክለቦች በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰቡ እንዲጫወቱም ተወሰነ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ጎንደር በዝርዝሩ አልነበረችም። እናም በዚያው ዓመት፣ አንድ ጨዋታ እንኳ በሜዳው ሳያደርግ፣ ፋሲል ከነማ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ።

በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ የተመራውን ያንን ቡድን ማንም አይረሳውም። ግብ ጠባቂው ሚኬል ሳማኬ፣ የመከላከሉ ምሰሶ ያሬድ ባየህ፣ መሀል ላይ ሱራፌል ዳኛቸው፣ በክንፍ ሽመክት ጉግሳ፣ ፊት ሙጂብ ቃሲም። እነዚህን ሁሉ ያየናቸው ግን በሻይ ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ቴሌቪዥን ነው። ከወሳኞቹ ጨዋታዎች በአንዱ ፒያሳ ካፌ ውስጥ ወንበር ሞልቶ፣ በረንዳው ሞልቶ፣ ሰው አስፋልቱ ላይ ቆሞ ሳለ መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ዳገቱን እየሮጠ ጀነሬተር ወዳለው ሌላ ቤት ሄደ፤ እሱም ከበሩ ጀምሮ ጢም ብሏል። አንድ የአሥር ዓመት ያህል ልጅ በሰዎች ትከሻ ላይ ተሸክመን መስኮቱ ላይ አወጣነው። ልጁም ወደ ውስጥ እያየ፣ ወደ ውጭ ለእኛ ይጮኽ ጀመር፤ «ሱራፌል ያዘ! ሱራፌል ሰጠ! ወጣች!» አስፋልት ላይ የቆመው ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ አንድ ሕፃን አፍ አቅንቶ ዝም ብሎ ይሰማል። አጠገቤ የቆሙ እናት፣ «ስታዲየሙ እዚሁ ሆኖ፣ ልጆቻችንን በሰው ልጅ ዓይን እንይ?» አሉ። መልስ የሰጣቸው አልነበረም።

ዋንጫው የመጣ ሰሞን ፒያሳ እስኪነጋ አልተኛችም። ደስታችን ሙሉ ነበር፤ አላስተባብልም። በማግስቱ ግን እግሬ ወደ ስታዲየሙ ወሰደኝ። በሩ ዝግ ነው። የቆሎ ሻጮቹ ቦታ ባዶ ነው። ከበሮ መቺው ሰውዬስ? ካፌ ውስጥ አገኘሁት። ከበሮ አልያዘም፤ ለነገሩ ካፌ ውስጥ ማን ከበሮ ያስመታዋል? ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አድርጎ የትናንቱን ጨዋታ ድጋሚ ይከታተላል። ያ ሁሉ ዘመን ጀርባውን ሰጥቶት የኖረውን ጨዋታ አሁን በዓይኑ እያየ ነው። «ደስ አይልም?» ብለው፣ «ማየቱ መች ቸገረኝ» አለኝ፤ «ፊታችሁ ነው የናፈቀኝ።»

በ2014 መባቻ በቻምፒዮንስ ሊጉ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ተገናኘን። ባህር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 1፤ ሳንሸነፍ፣ ከሜዳ ውጭ በተቆጠሩ ጎሎች ሕግ ወደቅን። ያ ሕግ በሰው ሜዳ ላይ የገባን ጎል በእኩል ውጤት ጊዜ አብልጦ የሚቆጥር ነው። እኛ ግን ሁለቱንም ጨዋታ ከቤታችን ውጭ ነው የተጫወትነው። በባለሜዳነት ተቆጥረን የገባብን ጎል በእውነቱ ባለሜዳ ሳንሆን ነው የገባብን ብል የተሸነፈ ደጋፊ ምሬት ይባል ይሆናል። ይሁን። ዓባይን ከመፍሰሻው የሚያየውም ከመነሻው የሚያየውም፣ ክለብ በገዛ ሜዳው ላይ ሲቆም ሌላ ጉልበት እንዳለው ያውቃል። ኦምዱርማኖች ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል።

ከ2013 ወዲህ ባሉት ዓመታት ሊጉ በጥቂት ከተሞች ሲዞር ኖሯል። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ካሜራው የተስተካከለ ሣር ይፈልጋል፤ የማታ ጨዋታ ፓውዛ ይፈልጋል፤ መልበሻ ክፍሉ፣ የሕክምናው ቦታ፣ የደጋፊው መጸዳጃ፣ የአምቡላንሱ መውጫ ሁሉ ልክ አለው። ከዚህም በላይ አገሩ ሰላም መሆን አለበት። እኔና ጋሼ የሄድንበት መንገድ ዛሬ ሰው ሳይሰጋ የሚሄድበት አልሆነም። የፎገራው ገበሬና ባለቤቱ እንዴት ሆነው ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ሰላም ሳይኖር ስለ ሣር ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ለእኔ ግን ሁለቱ ተያያዥ ናቸው። እሑድ ከሰዓት አሥር ሺህ ሰው ሳይፈራ የሚሰበሰብበት ቦታ ያለው ከተማ ሰላሙን የሚወድበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለው።

ሌላም የሚያሳስበኝ አለ። መስኮት ላይ ያወጣነው ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ነው። ፋሲልን ይወዳል፤ ማሊያውን ይለብሳል፤ የተጫዋቾቹን ስም ይቆጥራል። ቡድኑን በአካል ግን አላየውም። ለእሱ ፋሲልና ማንቸስተር በአንድ ሳጥን ውስጥ የሚታዩ፣ ርቀታቸው እኩል የሆኑ ነገሮች ናቸው። በእኛ ዘመን ተጫዋቹን ጠዋት ልምምድ ሲሄድ እናገኘው ነበር፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ «አይዞህ» እንለው ነበር፤ ሲያጠፋም ፊት ለፊት እንቆጣው ነበር። ከተማ ልጁን የሚያሳድገው እንዲህ ነው። ይህ በስክሪን አይተካም።

ስለዚህ ለከተማው አስተዳደርም፣ ለክለቡም፣ በውጭ አገር ላለው የጎንደር ልጅም፣ ለደጋፊውም የምለው አንድ ነገር ነው። አዲስ ተጫዋች ለማስፈረም ከምናወጣው ገንዘብ በፊት ሜዳውን እንሥራው። ሣሩን በአንድ ዓመት፣ ፓውዛውን በሌላው፣ መልበሻ ክፍሉን በሦስተኛው እያልንም ቢሆን እንጀምር። ደጋፊው በመዋጮ የሚታማ አይደለም፤ በ2009 ሊጉን ስንቀላቀል ከኪሱ እያወጣ ቡድኑን ያቆመው እሱ ነው። የሚጠየቀውን ስናሟላ ደግሞ ሊጉን የሚመሩት ሰዎች ጎንደርን ከሚዞሩባቸው ከተሞች ተርታ እንዲያስገቡ ደፍረን እንጠይቅ። ዋንጫ በሰው ሜዳ አንስተን አይተነዋል፤ እንደምንችል አስመስክረናል። ቀጣዩን ግን በገዛ ሜዳችን፣ ቆሎ ሻጯ በሯ ላይ ተቀምጣ፣ ጋሼ በእግራቸው መጥተው፣ ያ ልጅ ማንም ሳይሸከመው በገዛ ዓይኑ እያየ ልናነሳው ይገባል። ለዚያ ሥራ መዋጮ የተጀመረ ቀን ስሜን ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ጻፉልኝ።